አራስ ውኃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ድንኳን ሳይተከል ያለፈ ቅዳሜና እሑድ አልነበረም። እኔ ግን ያን ወር የማስታውሰው በሠርጉ አይደለም። በአንድ ቃል ነው። ለቀልድ ብዬ በተናገርኳት በአንዲት ቃል ምክንያት ልጄን ላጣ ነበር። ዛሬም ድረስ ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ደንገጥ እላለሁ። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በማታ ነውና አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢኖር አንባቢ ይለፈኝ።

ስሜ በላቸው ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ። ያለችኝ አንድ ልጅ ትዕግሥት ናት፤ ድሬዳዋ አግብታ ትኖራለች። ካገባች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ ልጅ ግን አልወለደችም። በፊት በፊት ለበዓል ትመጣ ነበር። ስትመጣ የሕንጻችን ሴቶች ደረጃው ላይ ያቆሟትና ሆዷን አየት እያደረጉ “ምነው ትዕግሥት፣ ዝም አላችሁ?” ይሏታል። በክፋት አይደለም። ግን አንዷ ስታበቃ ሌላዋ ትቀጥላለች።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ ከገበያ ተመለሰችና ዘንቢሉን እንኳ ሳታስቀምጥ “አባዬ፣ እኔ ከእንግዲህ ይህን ደረጃ አልወጣም” አለችኝ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ስልክ ትደውላለች። “ደህና ነህ? በላህ? መድኃኒትህን ወሰድክ?” ትለኛለች። እኔም “ደህና ነኝ፣ በላሁ፣ ወሰድኩ” እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። ስለ ኑሮዋ ልጠይቃት እልና የማነሣው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው የሚሄድ እየመሰለኝ እተወዋለሁ። እያደር ስልኩም እያጠረ መጣ። እኔን ከእሷ ጋር ያያያዘኝ ያ አጭር ስልክ ብቻ ነበር።

ወጣትነቴን ያሳለፍኩት አሰብ ወደብ ላይ በጫኝና አውራጅነት ነው። ትዕግሥትም እዚያ ነው የተወለደችው። መርከብ እስኪጠጋ ስንጠብቅ ወደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ቁልቁል ውኃውን እናይ ነበር። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ከድንጋዩ ሥር ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ያኔ ነገሬ ብዬ አላየኋቸውም። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ባሕር የሚባል በዓይኔ አላየሁም።

የገና በዓል እንዳለፈ ሰሞን ተክለ ሃይማኖትን ተሳልሜ ስመለስ የቤት ውስጥ ዓሣ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። እነዚያን ባለ መስመር ዓሦች መስታወት ውስጥ አየኋቸው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ባለ ሱቁ ሙፍታ ይባላል፤ አርባዎቹን ያለፈ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

“አባባ፣ እነዚህ የጨው ውኃ ዓሦች ናቸው። ለጀማሪ ያስቸግራሉ። ቀያዮቹን ልስጥዎት፣ ማንም ቤት ይኖራሉ” አለኝ።

“እኔ የማውቀው እነዚህን ነው” አልኩት።

“የት ነው የሚያውቋቸው?”

“አሰብ።”

በርጩማ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ እያመላለሰ ዕቃውን ሁሉ ቤቴ አስገባልኝ። መስታወቱን መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አቆመ። ነጫጭ ድንጋዮች ደረደረ፣ ውኃ የሚያዞር ትንሽ ፓምፕ ገጠመ። ጨው ከመርካቶ ገዝቼ ላምጣ ወይ ስለው “እሱን ወጥዎት ውስጥ ይጨምሩት” አለኝ። ለዓሣ የሚሆነው ጨው ሌላ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። የቧንቧውን ውኃ በጀሪካን አሳድረን፣ ጨውን በጥብጠን ሞላነው።

ሁሉም ሲያልቅ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩና “ዓሣዎቹስ?” አልኩት።

“የምን ዓሣ?” አለኝ። “ገና ነው አባባ። ይህ ውኃ አሁን ዓሣ ቢገባበት ይገድለዋል። ዓሣ የበላውን ያወጣል፣ ያ ደግሞ መርዝ ይሆናል። መርዙን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ጥሩ ጥሩ ጀርሞች አሉ። እነሱ ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ መጠበቅ ነው። ሳምንታት ይፈጃል።” ይህን ብሎ ጥሬ የዓሣ ሥጋ በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ውኃው ውስጥ ጣለ። ይበስብስ አለ። ከብስባሹ መርዙ ይወጣል፣ መርዙን ብለው ጀርሞቹ ይመጣሉ።

ፊቴ ላይ ግራ መጋባቴን አይቶ መሰለኝ ትንሽ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ “በቃ አራስ ነው ይበሉ። አራስ ውኃ። ፀሐይ እንዳያየው መጋረጃውን ይዝጉ፣ አለዚያ አረንጓዴ ይሆናል። እጅዎን አይክተቱ። ሰው አያስነካኩ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነሣል።”

ያ አነጋገር ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ መውጣት ስትጀምር መጋረጃዬን እዘጋለሁ። ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው ውኃውን ነው። ምንም የለበትም። ድንጋይና ውኃ ብቻ። ሆኖም ፓምፑ ሲያጉረመርም ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። ምሳዬን ወደ እሱ ዞሬ መብላት ጀመርኩ። ውጭ የሠርግ ዘፈን ይሰማል፤ እኔ በጨለመ ክፍል ውስጥ ባዶ ውኃ እጠብቃለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እስቅ ነበር። ለትዕግሥት አልነገርኳትም። ዓሣው ሲገባ እነግራታለሁ፣ የምንጫወተው ነገር ይሆነናል ብዬ አስቤ ነበር።

እየቆየ ውኃው እንደ አጓት ደፈረሰ። ቤቱም መሽተት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። ወይዘሮ ዘነበች ናት፣ ፊት ለፊቴ የምትኖር። ቧንቧው ሊዘጋ ነው፣ ቅዱ ልትለኝ ነው የመጣችው። ሽታው አሳፍሮኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ብቻ ከፈትኩ።

“ምነው ጋሽ በላቸው፣ በዚህ ፀሐይ መጋረጃ ዘግተው?” አለችኝ፣ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ እያየች።

“ቀስ ብለሽ አውሪ” አልኳት። “ቤቱ ውስጥ አራስ አለች።” ሳቅ አልኩ።

እሷ አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ እንባ ሞላ። “ማርያም ደግ ናት” አለች በሹክሹክታ። “መደበቃችሁም ጥሩ ነው፤ የሰው ዓይን መጥፎ ነው።”

“ገብተሽ እያት እንጂ” አልኳት።

“የለም የለም፣ ከፀሐይ ነው የመጣሁት። ከፀሐይ መጥቶ አራስ ቤት አይገባም። ቅዳሜ እመጣለሁ” አለችና በእግር ጣቷ እየተራመደች ሄደች።

እኔ ደግሞ ዘነበች እንዲህ ጨዋታ አዋቂ ናት እንዴ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስገረም ዋልኩ። እንባዋንም የሳቅ እንባ ነው ያልኩት። የሞኝ ነገር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ እልልታ። በሬን ስከፍት የሕንጻችን ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ዘነበች ከፊት ናት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ገንፎ ይዛለች። ሮማን የምትባለው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን የሕፃን ብርድ ልብስ ይዛለች፣ አዲስ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ሌሎቹም እንደዚሁ ባዶ እጃቸውን አይደሉም።

“ወንድ ነው ሴት?” አለች ሮማን። “ደረጃው ላይ ስንጨቃጨቅ ነው የመጣነው። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው እልልታው፤ እኛ ዝም ብለን ጀመርነው።”

የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቀረሁ። እነሱ ደግሞ ዝምታዬን የደስታ አድርገውት እየገፉኝ ገቡ። ዘነበች ወደ መኝታ ክፍሉ በር ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እንኳን ማርያም ማረሽ ትዕግሥትዬ” አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ትዕግሥት የለችም” አልኩ። “አራስ ያልኩት ይህን ነው።” በእጄ ውኃውን አሳየኋቸው።

ሁሉም ዞረው አዩት። ፓምፑ ያጉረመርማል። ውኃው ደፍርሷል። የበሰበሰችው ሥጋ በጨርቋ ውስጥ ትወዛወዛለች። አንዷ ከኋላ ሆና “ምን ልትወልድ ነው እሷ?” አለችና ሳቁ ፈነዳ። ሮማን ብርድ ልብሱን ታቅፋ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። “ጋሽ በላቸው፣ እትዬ በነበሩ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አያውቁም ነበር” አለችኝ። እኔም ሳላስበው አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ውስጥ የዚያን ያህል ሰው ከባለቤቴ ለቅሶ ወዲህ ገብቶ አያውቅም።

ዘነበች ብቻ አልሳቀችም። ገንፎውን እንደያዘች ቆማለች።

“ጋሽ በላቸው” አለች። “እኔ እኮ ለልጅቷ ጽፌላታለሁ።”

“ምን ብለሽ?”

“እንኳን ማርያም ማረሽ ብዬ። አባትሽ ነገሩኝ፣ ቅዳሜ ገንፎ ይዘን እንመጣለን ብዬ። ብደውልላት አላነሣ ስትለኝ፣ አራስ ናት፣ ተኝታ ይሆናል አልኩ።”

ሳቁ ወዲያው ቆመ። ሁሉም ያውቃሉ። ደረጃው ላይ ያቆሟት እነሱ ናቸው።

ስልኬን አንሥቼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ሴቶቹ ዙሪያዬን ቆመው ያዩኛል። አልተነሣም። ከዚያ ማን እንዳለች አላስታውስም፣ “ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው” አለች። ዕቃ አቅርበው፣ አንዷ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ አንዷ ወለል ላይ ተቀምጠው መብላት ጀመሩ። እኔንም አጎረሱኝ። ቅቤው ይሸታል፣ በርበሬው ያቃጥላል፤ እኔ ግን ጣዕሙን አላውቀውም። ቤቴ ሰው ሞልቶ የዚያን ቀን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ትዕግሥት የደወለችው ሰኞ ነው። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

“አባዬ፣ ምን ብለሃቸው ነው?”

“ልጄ፣ ውኃውን ነው ያልኩት።”

“የምን ውኃ?”

ስለ አሰብ ጀመርኩ፣ ወደ ሙፍታ ሄድኩ፣ ስለ ጨውና ስለ ጀርም አወራሁ። ስለ ጨርቅና ስለ በሰበሰ ሥጋ ሳወራ ለራሴም እንደ እብድ ወሬ ተሰማኝ። እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ።

“ስንት ቃል እያለ” አለች በመጨረሻ። “አንተም አራስ የሚለውን መረጥክ?”

“እኔ አይደለሁም፣ ሙፍታ ነው ያለው።”

“እሺ አባዬ” አለች። ዘጋችው።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ያ “እሺ” ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ አጭር ስልክም ቀረች። እኔ ስደውል አታነሣም። መድኃኒቴን እወስድና “ወሰድኩ” የምለው ሰው የለም።

ሙፍታ ውኃውን ሊመረምር መጣ። ከውኃው በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳና ጠብታ ያደርግበታል፤ ቀለሙን አይቶ የመርዙን መጠን ያውቃል። ጥቁር አረንጓዴ ሆነ።

“ውሰድልኝ ይህን ነገር” አልኩት። “ልደፋው ነው።”

“ምን አደረገዎት?”

ነገርኩት። ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቆየ። “አባባ፣ አሁን ነው መርዙ የበዛበት። ከዚህ በኋላ ነው መቀነስ የሚጀምረው። አሁን ከደፉት የለፉበት ሁሉ ቀረ። ትንሽ ይተዉት” አለኝ።

ተውኩት። አምኜው አይደለም። ባልዲ ተሸክሞ ያን ሁሉ ውኃ ለመድፋት ወገቤ እንቢ ስላለኝ ነው።

ዘነበች በየቀኑ ማለት ይቻላል በሬ ላይ ትመጣለች። “አነሣች?” ትለኛለች። “አላነሣችም” እላታለሁ። አንድ ቀን ራሷ ትዕግሥትን በስልክ አግኝታት እንደነበር ነገረችኝ። ይቅርታ ጠይቃታለች። “ምንም አላለችኝም፣ ዝም ብላ ሰማችኝ” አለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰሙ መሰለኝ፣ “ከእንግዲህ ያቺን ልጅ ወለድሽ አልወለድሽ የምትል ጠቧ ከእኔ ጋር ነው” ብላ ስትናገር ሰማኋት። ይህን በኋላም ቢሆን ለትዕግሥት አልነገርኳትም። እነሱ ስለ እሷ ተሰብስበው ማውራታቸው ራሱ የሚያስከፋት መስሎኝ ነው።

አንድ ምሽት እራቴን እየበላሁ ስልኬ ጮኸ።

“ደህና ነህ አባዬ? በላህ?”

“እየበላሁ ነው” አልኳት። ጉርሻውን መልሼ አስቀመጥኩት።

“መድኃኒትህንስ?”

“ወሰድኩ።”

እንደ ድሮው የምንለው ጠፋ። አሁን ትዘጋለች ብዬ ስጠብቅ “ውኃውስ?” አለችኝ።

“የቱ ውኃ?”

“አራሷ ነቻ።”

ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳት። ያ ጥቁር አረንጓዴ እየፈዘዘ ወደ ቢጫ መምጣቱን፣ ሙፍታ ደግሞ ሌላ ጠብታ አምጥቶ እሱ ሐምራዊ መሆኑን፣ ሁለተኛው መርዝ ደግሞ በተራው መጥፋት እንዳለበት። ውኃው ሲጎድል የሚጨመረው ንጹሕ ውኃ ብቻ እንደሆነ፣ ጨው እንደማይተን ነገርኳት። “ይህን እንኳ ያለ ሙፍታ አውቀዋለሁ፤ አሰብ ጨው የሚሠራው እንደዚያ ነው” አልኳት።

“እኔ ከአሰብ የማስታውሰው ሽታውን ብቻ ነው” አለች።

“ቤቴ እኮ ይሸት ነበር፤ አሁን ነው የቀነሰው። የበሰበሰ ዓሣ ነበር የሚሸተው።”

“እሱ ነው” አለች። “እሱ ነው የማስታውሰው።” ያኔ ሳቀች። ወጤ በርዶ ረጋ። አላነሣሁትም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ትደውላለች። የምትጠይቀኝ ስለ ውኃው ነው። እኔም ቀን ላይ የምነግራትን አዘጋጃለሁ፤ ድንጋዩ ላይ ቡናማ ነገር ወጣ፣ ጠፋ፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ የምትመስል ነገር ታየች። ስለ እሷ አንጠያየቅም። አንዳንድ ጊዜ ግን ስለ ውኃው እያወራን ሳለ ሳልጠይቃት ስለ ራሷ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። እኔ “እህ” እላለሁ፣ ሌላ አልጨምርም።

ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ ሙፍታ መጥቶ ሁለቱንም ጠብታ አየና “አባባ፣ ጨርሷል። ከአራስ ቤት ወጥቷል። መጥተው ዓሣዎን ይምረጡ” አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ዓሣው ከገባ እሷ ምን ብላ ትደውላለች ብዬ ነው።

ማታ ሙፍታ ያለውን ነገርኳት።

“ዓሣውን እኔ ሳልመጣ እንዳታስገባ” አለችኝ።

“እሺ” አልኳት።

መቼ ነው የምትመጪው አላልኳትም። ያቺ ልጅ መቼ መቼ ሲሏት ነው የኖረችው።

ይህን ስጽፍ ፋሲካ አልፏል። አልመጣችም፤ ግን ትናንት ማታም ደውላለች። ሙፍታ በመንገድ ሲያገኘኝ “ምነው አባባ፣ ሐሳብ ቀየሩ?” ይለኛል፤ ሰው እየጠበቅሁ ነው እለዋለሁ። ውኃው እንዲሁ ባዶውን ከቆየ የለፋንባቸው ጀርሞች በረሃብ እንደሚያልቁ ነግሮኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ዘግቼ፣ ሙፍታ ከሰጠኝ የዓሣ ምግብ በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ዓሣ የሌለበት ውኃ ላይ እበትናለሁ። ብቸኛ ነኝ፣ እሱ አልተለወጠም። ቢሆንም ምግቡ ቀስ እያለ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ቆሜ አየዋለሁ፤ ማታ ስትደውል እነግራታለሁ።